የጫጫታ መዝገብ

በራችን ላይ በትልቁ የተቀረጸው «ድምፅ እንዳይጠፋ» ይላል። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት ደግሞ «እባክዎ ጸጥታ ይጠብቁ» ትላለች። ወረቀቷን የለጠፍኳት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ አራቱንም ጥግ አሳምሬ። ሁለቱ አንድ በር ላይ አብረው መኖር እንደማይችሉ ያን ቀን አልታየኝም። የታዘዝኩትን ለጥፌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ቦታዬ ተቀመጥኩ።

ቤታችን የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞትበት፣ ቤት ሲቀይር፣ ወይ ልጆቹ «ይኼ ነገር ቦታ አጣበበ» ሲሉት አኮርዲዮኑን፣ ክላርኔቱን፣ ክሩ የተበጠሰ ማንዶሊኑን ተሸክሞ ወደኛ ይመጣል። በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ። ቁጥር እሰጣለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ የሚያለቅስ ካለም ወንበር አቀርባለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። በመደርደሪያዎቻችን ስድሳ ሁለት መሣሪያ አለ፤ አብዛኛው በእጄ አልፏል፤ ስንት ሰው እንዳለቀሰ ግን አልቆጠርኩም።

እዚህ ቤት ስሜ ሬዲዮ ነው። ያወጣልኝ ጋሼ ሙጫ ነው፤ ጠጋኛችን። ምድር ቤት ባለችው ክፍሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያጣብቅ፣ ሲሞርድ፣ ሲያቃና ኖሯል፤ ሲመጣ የሙጫው ሽታ ቀድሞት ደረጃውን ይወጣል። የሱን ስም ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ለበቀል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔም አፍ ካመለጠ፣ የሱም ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ ስለዚህ በደንብ እንተዋወቃለን።

መሥራቹ መምህር በሕይወት ሳሉ አንድ ልማድ ነበረን። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ሻይ እንጥዳለን። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ተረኛው ሠራተኛ ከመደርደሪያ አንድ መሣሪያ አውርዶ ይጫወታል። መጫወት የማይችል ይነፋል፣ ይስባል፣ ይነካካል፤ ብቻ ያናግረዋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ተራ ነበራት፤ እሷ ጥሩምባ ስትነፋ ጎረቤት እንዳይታዘበን መስኮት ዘግተን ነበር የምንስቀው። መምህሩ «የተረከብነው ዕቃ አይደለም፣ ምላስ ነው። ምላስ ካልተናገረ ይደርቃል» ይሉ ነበር። በየስጦታው ካርድ ግርጌም «ሰጪው በፈለገ ጊዜ መጥቶ ድምፁን ይሰማል» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈዋል።

መምህሩ አረፉ። ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ እኛ አለቃ እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ በነገሬ መሃል እንዳይረሳኝ። ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉም በኋላ ይወጣል፣ የጠጣበትን ኩባያ ራሱ ያጥባል። የመጣው ከአንድ ትልቅ የሰነድ ማከማቻ ነው። እዚያ የተማረው ከእጅ የራቀ ነገር ዕድሜው ይረዝማል የሚለውን ነው፤ ለወረቀት እውነት ነው። በመጣ በወሩ ደግሞ አስጎብኚያችን ተራው ደርሶ ቫዮሊን ሲያናግር ከእጁ አመለጠውና የመሣሪያው አንገት ተሰበረ። አለቃ ስብርባሪውን በመሐረቡ ሲሰበስብ አይቼዋለሁ፤ አንዲትም ስንጥር አልተወም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር አይነካ ተባለ።

መጀመሪያ ሳጥን መጣ፤ ከዚያ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት፤ ከዚያ ለላይኛው መደርደሪያ አዲስ ቁልፍ። ላይኛው ላይ ያሉት አሥራ ሰባቱ ውድ ውዶቹ ናቸው፤ ቁጥር አንድም እዚያ ነው፣ የመምህሩ የራሳቸው አኮርዲዮን። ቁልፉ አለቃ ኪስ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ጎብኚ በጸጥታ ያስብ ተባለና የጫማችን ሶል ለስላሳ እንዲሆን ታዘዝን። በመጨረሻ ማንቆርቆሪያችን ታፏጫለች ተብላ ተወሰደች፤ ሁላችንም ሻያችንን በፔርሙስ ከቤት ይዘን መምጣት ጀመርን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለዚያች ማንቆርቆሪያ ቤቱ ሙሉ ሲያማው አለቃ አንድም ቀን አልሰማም። እኔም በቀን አራት ጊዜ ያህል «ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ» እባላለሁ። በትሕትና ነው የሚለኝ፤ ግን አራት ጊዜ ይለኛል። ልጄ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አዳራሹን አየት አድርጋ፣ «እማ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብላኛለች።

ዝም ያላለው ጋሼ ብቻ ነበር። የታችኛው መደርደሪያ መሣሪያዎች ለጥገና እየተባለ በየተራ ወደሱ ይወርዳሉ። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ አንዱን ይዞ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የድሮውን ልማድ ብቻውን ይቀጥላል። አንድ ቀን አለቃ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰማው። በማግስቱ ሰማያዊ ደብተር ሰጠኝ፤ ሽፋኑ ላይ «የጫጫታ መዝገብ» ብሎ አሳምሮ ጽፎበታል። ውስጡን በማስመሪያ ከፋፍሎታል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጫጫታው ዓይነት፣ ፈጻሚ። የሰማሁትን ሁሉ እንድጽፍ አዘዘኝ። ድምፅ እንዳይጠፋ ተብሎ በተቋቋመ ቤት ድምፅ ያወጣ ሰው ሊመዘገብ ነው። ለሰሚ ግራ ነው።

መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆንኩ። ግን አለቃ ራሱ ሰምቶ መጥቶ «ጻፉት?» ሲለኝ ምን ልበል? ጻፍኩ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አይቀር የሚል አመል አለብኝ። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ግድግዳው ላይ ሃያ ሰዓት አንድ ላይ ሲመታ «የታመመው የቱ ነው?» ይለኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አሳየዋለሁ። ያ ጆሮ ዛሬም አለ። ስለዚህ «አኮርዲዮን ተጫወተ» ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። «ቁጥር 17፣ አኮርዲዮን፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ግራ በኩል ሁለት ድምፅ ይንሾካሾካል» ብዬ ጻፍኩ። «ቁጥር 23፣ ክላርኔት፤ ታች ላይ ደህና ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሽ ያመልጠዋል።» «ቁጥር 40፣ ማንዶሊን፤ ሁለተኛዋ ክር ዘግይታ ትነሳለች።» ፈጻሚ የሚለው መስመር ላይ ግን ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው።

ጋሼ ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን ተቀየመ። ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ መዝገቡን ያነባል። ከጻፍሽ አይቀር በትክክል ጻፊ እያለም ይነዘንዘኛል፤ ይንሾካሾካል ያልሽው የቱ ጋ ነው፣ ከላይ ስንተኛው ነው፣ ሲሳብ ነው ሲገፋ? እንደሚያሾፍብኝ ነበር የሚገባኝ። አርፈህ ብትቀመጥስ ጋሼ ስለው፣ እኔ ካረፍኩ እነሱም ያርፋሉ ይለኛል። ሌላ ሌላ ወሬ ሳወራው ደግሞ ግማሹን አይመልስልኝም፤ «ሬዲዮ ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል» ብሎ ያልፈኛል። ተናድጄ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። እሱ ግን ልብም አላለው።

በዚህ መሃል አሠልጣኝ መጣልን። የመሥሪያ ቤታችን ባህልና ዓላማ እንዲገጥሙ ነው ተባለ። ባለ ቀለም ወረቀት አደለንና ይህ ቤት ለምን እንደቆመ በአንድ ቃል ጻፉ አለን። አሥራ አንድ ነበርን። ስምንታችን «ጸጥታ» ብለን ጻፍን፤ አስጎብኚው «ሳጥን» አለ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ መጻፉን ትታ ማንቆርቆሪያ ሣለች። የጋሼ ወረቀት ባዶ ነበር፤ ጥያቄውን የሰማም አይመስል። አሠልጣኙ ወረቀቶቹን አየ፣ አለቃን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ያዘጋጀውን ንግግር ቀጠለ። ሲሄድ ባለ መስታወት ፍሬም ትቶልን ሄደ። የመጀመሪያው መስመር «እርስ በርስ እንደማመጣለን» ይላል። ራሱ ሚስማር መትቶ አዳራሹ ውስጥ ሰቀለው። እኔም ጻፍኩት፦ የመዶሻ ድምፅ፣ አራት ምት፣ የመጨረሻው ሚስማሩን ስቶታል፤ ፈጻሚ አሠልጣኙ።

ማስጠንቀቂያው ግን ቀልድ አልነበረም። ለጋሼ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። በአምስት ወሩ ሁለተኛው ደረሰ። ሦስተኛው ከመጣ ጉዳዩ ለቦርድ ይቀርባል፣ ከሥራ ይሰናበታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ አልጋና ጓዳ ብቻ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ኑሮው ያ ምድር ቤት ነው። አለቃም ለራሱ እንደከበደው አውቃለሁ፤ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሲሰጠው ዓይኑን አላየውም። ደንብ ግን ደንብ ነው አለ። ጋሼ ደብዳቤዎቹን በማጣበቂያ ቆርቆሮዎቹ ሥር አንጥፏቸው ሥራውን ቀጠለ።

ሦስተኛው ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ ገባ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦርዱ ይቀመጣል፣ መዝገቡን ይዘው ይምጡ አለኝ አለቃ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውየውን የሚያባርረው አለቃ አልነበረም፣ ደንቡም አልነበረም፤ የኔ እጅ ጽሑፍ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ቆጠርኩት። መቶ አርባ ሦስት መስመር። በየአንዱ መስመር ላይ «ፈጻሚ» ብዬ ስሙን አሳምሬ ጽፌዋለሁ፤ እግዜር ያሳይህ፣ አንዱንም እንኳ አላበላሸሁትም።

ካርድ የምቆርጥበትን ምላጭ ያዝኩና ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሙጫ ያማስላል። «ጋሼ፣ ልቀደው ነው» አልኩት። ማማሰሉን ቀጠለ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አልዞረም። አሁንስ በዛ ብዬ በሱና በመብራቱ መሃል ገባሁና ምላጩን አሳየሁት። ያኔ ደነገጠ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«እቀደዋለሁ። ይጥፋ። ከፈለጉ እኔን ያባሩኝ።»

ደብተሩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ደረቱ ላይ ያዘው። «አትቅደጂው» አለኝ። «ጆሮዬ እሱ ነው።»

አልገባኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ሄደ፤ ከዚያ መሃሉ ሄደ። አሁን የቀረው ጎርናናው ብቻ ነው፤ እሱንም መዳፉን መሣሪያው ላይ አድርጎ በንዝረቱ ነው የሚያውቀው። ጣቱ አልረሳም፤ ይጫወታል። የተጫወተው ግን ደህና ይሁን ታማሚ አያውቅም። ጠዋት ያናገረው መሣሪያ ምን እንዳመመው የሚያውቀው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ የጻፍኩትን አንብቦ ነው። በማግስቱ ይጠግነዋል። የማይሰማ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ማን ያስቀምጣል ብሎ ለማንም አልተነፈሰም፤ ለኔም ጭምር።

አኩርፌ የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አለኝ። ያንን ሁሉ ቀን የሚያሾፍብኝ መስሎኝ፣ ሰውየው ለካ ከንፈሬን እያየ ነበር የሚገምተው። ማልቀስ ስጀምር መሐረብ ፈልጎ ቢያጣ ሙጫ የነካ ጨርቅ ሰጠኝ፤ በሱ ሳቅን።

«ታዲያ ነገ ምን ልትል ነው?» አልኩት፣ ቀስ እያልኩ፣ አፌን እያሳየሁ።

«የተጫወትኩትን አልተጫወትኩም አልልም። አንቺም የሰማሽውን አልሰማሁም አትበዪ።»

ምላጩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የቦርዱ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እትዬ ዳኛ እንላቸዋለን። ቁጥር 23፣ ያ ክላርኔት፣ የወንድማቸው ነው። ያመጡት ዕለት ወንበር አቅርቤላቸው ነበር። አላለቀሱም፤ ግን ከወንበሩ ለመነሳት አንድ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ሐሙስ ጠዋት ከሁለት የቦርድ አባላት ጋር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ጥግ ላይ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። አለቃ ማመልከቻውን አነበበ፤ ረጋ ብሎ፣ ሳይሳደብ፣ ሳያጋንን። ስድሳ ሁለቱም መሣሪያዎች በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳሉ፣ አንድ ሠራተኛ ግን የማይነካውን እንደሚነካ፣ ጸጥታንም እንደሚያውክ ተናገረ። ማስረጃው መዝገቡ ነው አለ።

እትዬ ዳኛ መዝገቡን ገልጠው ዓይናቸውን አጠበቡ። ጽሑፌ ደቃቅ ነው። «የጻፈችው ታንብብልኝ» አሉ።

ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። አለቃ ዘወትር ዝቅ ያድርጉ የሚለኝ ድምፅ ያን ቀን ራሱ ዝቅ አለ፤ ከፍ አድርጊ የተባልኩት በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቁጥር 17፣ ግራ በኩል ሁለት ድምፅ ይንሾካሾካል። ቁጥር 40፣ ሁለተኛዋ ክር ዘግይታ ትነሳለች። ቁጥር 17 ደግሞ፣ አንዱ ድምፅ ተስተካክሏል፣ ሌላው ገና ነው። ቁጥር 23፣ ክላርኔት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሽ ያመልጠዋል። ገጽ ገለጥኩ። ቁጥር 23፣ ክላርኔት፣ አሁን እስከ ላይ ድረስ ደህና ይወጣል።

«ቆዪ ልጄ» አሉ እትዬ ዳኛ። «የወንድሜ ታሞ ነበር፣ አሁን ድኗል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። በዘጠኝ ቀኑ ነው የዳነ።»

ትንሽ አሰቡና ክላርኔቱ ይምጣ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን መዝገቡ ላይ እንዳደረጉ ቁጥር አንድ የት እንዳለ ጠየቁ፤ ከተነበበው ሁሉ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠራም። አለቃ ፊቱ በራ። እሱማ በጥንቃቄ የተቀመጠ ነው፣ የቤታችን ምሳሌ ነው ብሎ ራሱ ሄደ። ከላይኛው መደርደሪያ በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው።

ጋሼ ክላርኔቱን ገጣጠመ። አጭር ዜማ ነው የተጫወተው፤ የመዝሙርም የዘፈንም ያልሆነ፣ ልጆች ሲያስተኙ የሚያንጎራጉሩት ዓይነት። ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ወጣና ተመለሰ። እትዬ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው መስታወቱን ጠረጉ፤ ከዚያ እንደገና ጠረጉት። ከዚያ ወደ አለቃ ዞረው አኮርዲዮኑን እርስዎ ይሳቡት አሉት።

ማሰሪያውን ፈታ። ሳበ። አምስት ዓመት የማንም እጅ ያልነካው ወናፍ እጥፋቶቹ ተጣብቀው ኖሮ ቀርርር ብሎ ተላቀቀ፤ ቆዳው ደርቆ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ቁልፉን ተጫነ። ነፋስ ወጣ። ሌላ ቁልፍ ተጫነ። ያው ነፋስ ነው። አንዱንም ሳያስቀር ሁሉንም ሞከረው፤ በመጨረሻ ጣቱን እላዩ ላይ ትቶ ቆመ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ዝም አሰኝቶኝ። አላለኝም። ከሁላችንም አብልጦ የወደደው ያንን አኮርዲዮን ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

እትዬ ዳኛ ወደ ጋሼ ዞሩ። የታመመውን ከደህናው እንዴት ለይተህ ደረስክበት ብለው ጠየቁት። ጋሼ አልሰማቸውም። እኔን አየኝ። ጥያቄውን በከንፈሬ ደገምኩለት። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

«እኔ አልሰማሁም» አለ። «ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። የሰማችው እሷ ናት። እኔ የጻፈችውን ነው የጠገንኩ።»

በቃ፣ አለቀ አልኩ። ክላርኔቱ ካተረፈው በኋላ በገዛ አፉ ራሱን አባረረ። አለቃ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መዝገቡን። እትዬ ዳኛ ግን ጋሼን ትተው ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ሥራሽ ምንድነው?»

«በር ላይ ነኝ።»

«ይህን ሁሉ በር ላይ ተቀምጠሽ ነው የሰማሽው?»

«ደረጃው የታቹን ድምፅ ወደ ላይ ያመጣዋል፣ እትዬ።»

«በዚህ ሁሉ ዓመት ምን እንደምትሰሚ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

አለቃን ላሳጣው አልፈለግኩም። አፌ ግን ካመለጠ የኖረ አፍ ነው። «ዝቅ አድርጊ ነው የተባልኩት» አልኩ።

አለቃ አኮርዲዮኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሦስተኛውን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዚያው ኪስ የላይኛውን መደርደሪያ ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ቁልፉን ለማን ልስጥ?» አለ።

እትዬ ዳኛ ለማንም አይሰጥ አሉ፤ የአሠልጣኙ ፍሬም የተሰቀለበት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፣ ተረኛ ሁሉ ያንሳው። ስለ ጋሼ ደግሞ ብዙ አልተናገሩም። አንዱ እጅ ነው፣ አንዷ ጆሮ ናት፣ ለያይተን ምን ልናደርጋቸው ነው አሉና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ሄዱ። ጋሼ ምን እንደተባለ አልገባውም ነበር። በሩ ላይ እጁን ይዤ ትቆያለህ አልኩት። «ምን?» አለኝ። ትቆያለህ አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። ማንም ዝቅ አድርጊ አላለኝም።

ጠረጴዛዬ ከበሩ ተነስቶ የምድር ቤቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ከዚያ እነሳለሁ፣ ቀሪውን ጊዜ እሰማለሁ። ማንቆርቆሪያዋ ተመለሰች። የበሩን ወረቀት የላጥኩት እኔ ነኝ፤ የለጠፍኳት በጋሼ ሙጫ ስለነበር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አለቃ የመዝገቡን ሽፋን ቀይረን ደህና ስም እንስጠው ቢል እምቢ አልኩ። መቶ አርባ ሦስት መስመር የጻፍኩት በዚህ ስም ነው፣ ይቆይ። ከአሥራ ሰባቱ የላይኛው መደርደሪያ መሣሪያዎች አሥራ ሁለቱ እስካሁን ተናግረዋል። ሦስቱ በጥገና ላይ ናቸው። ሁለቱ የሚናገሩ አይመስለኝም፤ ካርዳቸውን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ቁጥር አንድ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ጋሼ ይስባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነባል፣ እንደገና ይፈታዋል። ያለቀበት ጠዋት ተረኛው አለቃ ነበር። እንዲህ እንዲሆን ተራውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው ያደረግኩት፣ አልክድም። ማንቆርቆሪያዋ ተጥዳለች። አሥራ አንዳችንም ቆመናል። አለቃ አኮርዲዮኑን የሌላ ሰው ሕፃን እንደተቀበለ ሰው ጉልበቱ ላይ አደረገው። ቫዮሊኑ ትዝ ብሎት እንደሆነ ያስታውቃል፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው። ትንሽ ሳበና አንድ ቁልፍ ተጫነ። አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች፤ ለራሱ ብቻ የምትሰማ።

ጋሼ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ እኔን አየኝ።

«አለቃ» አልኩት፣ «ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ለጋሼም ይሰማ።»

አለቃ ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅ አለ፤ ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ከዚያ ሁለት እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ሳበው። ቤቱ ሞላ። ጋሼ ቀረብ ብሎ መዳፉን አኮርዲዮኑ ጎን ላይ አኖረና ዓይኑን ጨፈነ። ማንቆርቆሪያዋ ፈልታ ማፏጨት ጀመረች፤ ሊያወርዳት የተነሳ ሰው የለም።

እኔ ጻፍኩ። ቁጥር 1፣ አኮርዲዮን፣ ሻይ እስኪፈላና ከዚያም አልፎ። ፈጻሚ አለቃ። ቀኝ በኩል ከላይ ሦስተኛው ድምፅ ገና ይንሾካሾካል፤ ነገ ጋሼ ያየዋል።